«የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይዘጋ» ላልከው ወንድሜ፦ ከቦርከና ዳር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እህቴ ከኮምቦልቻ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። «አጎታችን ይህን ቢያነብ ምን ይል ነበር?» የሚል ቃል አክላበታለች። ጸሐፊው የደሴ ልጅ መሆኑን ራሱ ይናገራል። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የፌዴራሉ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፣ ይዘጋ፣ በጀቱ ለግብርናና ለከተሞች ይከፋፈል። ምክንያቶቹንም ደርድሯል። ሥራው ችግኝ መትከል ነው፤ ፋብሪካን ከተማው ይቆጣጠራል፤ እያንዳንዱ ሚኒስቴር የራሱን ዘርፍ ቢጠብቅ ይበቃል፤ ድሃ አገር መጀመሪያ መብላት አለበት፤ ዋናው በካይ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ነው። በመጨረሻም የመሥሪያ ቤቱ ስም በየጊዜው መቀያየሩን አንስቶ «ራሱን የማያውቅ ተቋም» ይለዋል።

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው፣ አሁን ደሴ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ነገሩ የቤቴ ጉዳይ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንዳንዱ ላይ እውነት አለህ፣ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ከቀላሉ ልጀምር። «ሥራው ችግኝ መትከል ነው» ያልከው ስህተት ነው። ችግኝ ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም ክረምት ሲመጣ ከተማሪዎቼ ጋር ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቼ እተክላለሁ። የደን ሥራ ግን በ2014ቱ አደረጃጀት ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ የኢትዮጵያ ደን ልማት ለሚባል ሌላ ተቋም ተሰጥቷል። የቀረውን ለማወቅ በ1995 ዓ.ም. የወጡትን ሁለት አዋጆች ማንበብ ነው። አንዱ ቁጥር 299 ነው፣ ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ ማለትም አንድ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ስለ መመዘን። ሌላው ቁጥር 300 ነው፣ ስለ ብክለት ቁጥጥር።

የመጀመሪያው የሚለው ይህን ነው፦ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሲመጣ፣ ፈቃድ ሰጪው የኢንቨስትመንትም ሆነ የንግድ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ወይም የክልሉ መሰል መሥሪያ ቤት እሺ ማለቱን ማረጋገጥ አለበት። የግምገማው ሪፖርትም ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት፣ እዚያው አካባቢ የሚኖረው ሰው አስተያየት እንዲሰጥበት። ሁለተኛው አዋጅ ደግሞ ለአካባቢ ተቆጣጣሪ የሰጠው ሥልጣን ቀላል አይደለም። በማንኛውም ተገቢ በመሰለው ሰዓት፣ ሳያስታውቅ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዝ ግቢ መግባት ይችላል። ናሙና ይወስዳል። የበከለ ያጸዳል፣ ካላጸዳ የማጽጃውን ወጪ ይከፍላል። ግብርና ሚኒስቴር ይህን ሥራ ይሠራዋል ብለህ ነው?

አሁን ወደ ከተማው ጉዳይ። «ፋብሪካ ያለው ከተማ ውስጥ ነው፣ ከተማው ይቆጣጠረው» ብለሃል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የቦርከናን ወንዝ ታውቀዋለህ። ደሴን አቋርጦ፣ በገደሉ ሥር ለሥር ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል። እዚያ ለዮሌና ወርቃ የሚባሉ ወንዞች የፋብሪካውን ሰፈር አጥበው ይቀላቀሉታል። ከዚያ የቃሉ ወረዳን ማሳ እያጠጣ ወደ ጨፋ ረግረግ ይገባል። ጨፋ ደግሞ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው፣ በበጋ ሣሩን ብለው ከአፋር ሳይቀር ከብት እየነዱ የሚመጡበት። የቦርከና መጨረሻ አዋሽ ነው፣ አዋሽም ወደ አፋር ነው የሚሄደው። ቁጠረው እንግዲህ፦ ሁለት ከተማ አስተዳደር፣ ወረዳ፣ ሁለት ዞን፣ ሁለት ክልል። ታዲያ የትኛው ከተማ ነው ይህን ወንዝ የሚቆጣጠረው?

ኮምቦልቻ ከልጅነታችን ጀምሮ የፋብሪካ ከተማ ነች። ጨርቃ ጨርቅ አለ፣ ቢራ አለ፣ ቆዳ አለ፣ ቆርቆሮ አለ፣ ሐምሌ 2009 ደግሞ 75 ሄክታር ላይ ያረፈው ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ማናቸውንም አልጠላም፣ የአብሮ አደጎቼ ግማሹ እንጀራቸው እዚያ ነው። ግን ከየሥራው ምን እንደሚወጣ በሙያዬ ልንገርህ። ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው፤ ቆዳው ሁሉንም አይመጠውም፣ የተረፈው ከውሃው ጋር ይወጣል። ቆርቆሮ በአሲድ ታጥቦ ነው ዚንክ ውስጥ የሚነከረው፣ የታጠበበት ውሃ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ ኮስቲክ ሶዳና ቀለም ይዞ ይመጣል። የቢራ ፍሳሽ መርዝ አይደለም፣ ገብስና እርሾ ነው፣ ግን ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ስለሚጨርሰው ዓሣ ይገድላል። በለዮሌና በወርቃ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ክሮሚየምና ዚንክ ከሚገባው በላይ አግኝተዋል። ክሮሚየምና ዚንክ እንደ ቅጠል አይበሰብሱም። ደለሉ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ማሳው ላይ ይቀመጣሉ።

ይህን ሁሉ ማጣራት ይቻላል፣ ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም። ችግሩ ማጣሪያው መብራት ይበላል፣ ኬሚካል ይበላል፣ ባለሙያ ይፈልጋል። የሚያይ ሰው ከሌለ ማጣሪያውን አጥፍቶ ማደር ለባለቤቱ ትርፍ ነው። ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነው ያለው።

የዛሬ ጥቂት ዓመት አጎቴ ደወለልኝ። ከኮምቦልቻ በታች፣ ቦርከና ዳር፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በውሃ ሞተር እያጠጣ የሚኖር ሰው ነው። «ውሃው ጠቁሯል፣ አረፋ ይዟል፣ ላሞቹ አፋቸውን ነክተው ይመለሳሉ። ሌሊት ነው የሚለቁት» አለኝ። ቅዳሜ በጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ሄድኩ። የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፍ ጫፉ እሳት እንደነካው ሆኗል። ከትምህርት ቤት የያዝኩትን የፒኤች ወረቀት ብነክረው ሰማያዊ ሆነ፣ ጤነኛ ወንዝ እንዲያ አይልም። ሁለት ሃይላንድ ውሃ ቀዳሁ።

ሰኞ አጎቴ ወረዳ ሄደ። የወረዳው ልጆች መጥተው አዩ፣ አዘኑም። «ግን ፋብሪካው ያለው ከተማው ውስጥ ነው፣ እኛ ገብተን መፈተሽ አንችልም» አሉት። ከተማ ሄድን። አንድ ኃላፊ ለብቻዬ ጠራኝና «መምህር፣ እውነቱን ልንገርህ» አለኝ። «መሬቱን የሰጠነው እኛ ነን። ግብሩን የምንሰበስበው እኛ ነን። ስንት ሰው ቀጥሯል። ዛሬ ዝጋ ብዬ ነገ ያን ሁሉ ሥራ አጥ የት ላድርሰው?» አልተናደድኩበትም። እውነቱን ነው የነገረኝ። ከዚያ ዞን ሄድን። ዞን «ፈቃዱ የፌዴራል ነው፣ ይህ ከእኛ አቅም በላይ ነው» አለ። በዚያ ሰሞን ናሙናችንን በቅርብ የሚመረምርልን ላብራቶሪም አላገኘንም። ሃይላንድ ውስጥ ያደረ ውሃ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም፣ ሲቆይ ይቀየራል፣ ያንን ማንም የኬሚስትሪ ተማሪ ያውቃል። ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። ክረምት ገባ፣ ቦርከና ሞላ፣ ሁሉንም አጠበው። አጎቴ ያን ዓመት ሽንኩርት አልሸጠም።

ከተማው ይቆጣጠር ስትል፣ ያንን ኃላፊ ነው እያሰብኩ ያለሁት። ክፉ ሰው አይደለም። ግን የመሬት ሰጪነት፣ የግብር ሰብሳቢነትና የዳኝነት ሥራ አንድ ሰው ላይ ስትጭን ዳኝነቱ ነው መጀመሪያ የሚወድቀው። ሌላው ቢቀር ፋብሪካው ለኮምቦልቻ ጥቅም ነው፣ ፍሳሹ ደግሞ ለቃሉና ለጨፋ ጉዳት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ያለ ባለሥልጣን ለቃሉ ገበሬ ብሎ የራሱን ገቢ የሚዘጋው በምን ምክንያት ነው? ሕጉ ይህን አስቀድሞ አይቶታል። ጉዳቱ ከአንድ ክልል የሚያልፍ ከሆነ፣ ወይም ፈቃዱን የሰጠው የፌዴራል አካል ከሆነ፣ ግምገማው የፌዴራሉ ሥራ ነው ይላል። ቦርከና አፋር ይደርሳል። እኛ ታዲያ ከወረዳ ጀምረን ሦስት ወር ስንንከራተት አንድም ሰው ይህን አልነገረንም። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ጥፋት ካለበት ይሄ ነው፣ ሩቅ ነው፣ አይታይም። የሚታረመው ግን ቀርቦ እንዲታይ በማድረግ ነው፣ ኮምቦልቻን በመሰለ ከተማ ተቆጣጣሪና ላብራቶሪ በማስቀመጥ። ብትዘጋው አጎቴ ከነአካቴው የሚሄድበት ያጣል።

«እያንዳንዱ ሚኒስቴር የራሱን ዘርፍ ይጠብቅ» ለሚለው ብዙ አልልም፣ ምክንያቱም ተሞክሯል። በ2001 ዓ.ም. ገደማ የተጽዕኖ ግምገማውን የማጽደቅ ሥልጣን ለየዘርፉ ሚኒስቴሮች በውክልና ተሰጥቶ ነበር። ማዕድን የሚያስፋፋው የማዕድኑን ይገምግም፣ መንገድ የሚሠራው የመንገዱን ይገምግም እንደማለት ነው። ይህ ለጅብ ሥጋ አደራ መስጠት ነው። ሰዎቹ መጥፎ ስለሆኑ አይደለም። የማዕድን ሚኒስቴር በዓመቱ መጨረሻ የሚጠየቀው «ስንት ፈቃድ ሰጠህ፣ ስንት ዶላር አመጣህ» ተብሎ ነው። «ስንቱን ከለከልክ» ብሎ የሚጠይቀው የለም። በእርግጥ የአካባቢ ጥበቃ አካላትን ያቋቋመው አዋጅ 295 በየመሥሪያ ቤቱ የአካባቢ ክፍል ይኑር ይላል፣ መኖሩም ጥሩ ነው፣ ውስጥ ሆኖ የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ግን አለቃው ፊት ቆሞ «ይህ ፕሮጀክት አይሠራም» የሚል የክፍል ኃላፊ አይተህ ታውቃለህ? እምቢ ለማለት ውጭ መቀመጥ ያስፈልጋል። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ ለእኔ ይሄ ነው፣ ለሌሎች ሚኒስቴሮች እምቢ ማለት መቻል፣ ወይም «እሺ፣ ግን ማጣሪያውን መጀመሪያ ሥራ» ማለት መቻል።

«መጀመሪያ እንብላ፣ ንጽሕና ቅንጦት ነው» ያልከው ላይ ግን ልቤን ነካኸኝ፣ ምክንያቱም ይህን የሚለው ብዙ ሰው ነው። በቅን ልብ እንዳልከው አውቃለሁ። ሥራ ያጣ ወጣት በየሰፈሩ ተቀምጦ እያየህ ነው። እኔም አስተምሬ የማስመርቃቸው ልጆች ደሴ ሙጋድ አደባባይ ላይ ሥራ አጥተው ቆመው ሳያቸው አንጀቴ ይላወሳል። ግን ማን ነው የሚበላው? አጎቴ ከዚያ ውሃ ነው የሚበላው። ሰባት ነፍስ ይዞ። ሽንኩርቱ ደግሞ የሚሸጠው ኮምቦልቻና ደሴ ገበያ ላይ ነው፣ አንተም እኔም ሰኞ ገበያ ሄደን የምንገዛው ያንኑ ነው። ብክለቱ የምግቡ ተቃራኒ ሆኖ ሌላ ሚዛን ላይ የተቀመጠ ነገር አይደለም፣ ምግቡ ውስጥ ነው ያለው።

ደግሞ ፋብሪካና ንጹሕ ውሃ አብረው አይሄዱም ያለው ማነው? ሐዋሳን እይ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሠራ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት፣ ወደ ውጭ የማይለቅ ማጣሪያ አብሮ ነው የተሠራለት። ሐይቁ አጠገቡ ነዋ። ይህ ባለሀብት አላባረረም፣ ትልልቅ የውጭ ገዢዎች ራሳቸው እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚፈልጉት። ማጣሪያ ከመሠረቱ ጋር ሲታቀድ የግንባታው አንድ ክፍል ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ በክስ ብዛት ሲጨመር ግን ቦታም የለው፣ ብርም የለው። አዲስ አበባ አቃቂ ወንዝን ለመመለስ የምትደክመውን ድካም ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የ299 አዋጅ ጠቅላላ ሐሳብም ይሄ ነው፣ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ጠይቅ።

ቅንጦት ያልከው ነገር ሰው ይገድላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ድሆች ነበሩ፣ ከቆሻሻው ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ። ሀብታም ከቆሼ ሥር አይኖርም። ሀብታም የቦርከናን ውሃም አይጠጣም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ሲል፣ ይህ መብት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለድሃው ነው።

አሁን እውነት አለህ ወደምልበት ልምጣ። «ሕዝቡ ራሱ ነው የሚበክለው» ብለሃል። ደሴ ላይ ክረምት በገባ ቁጥር ቦዩ በፌስታል ተደፍኖ ጎርፉ መንገድ ለመንገድ ሲሄድ አያለሁ። ከተማችን ገደል ላይ የተንጠለጠለች ናት፣ መሬቱ የሚንሸራተት ነው፣ ውሃ መሄጃ ሲያጣ የሚያደርሰውን ሁላችንም እናውቃለን። ቆሻሻውን ቦርከና ላይ የሚደፋው ደግሞ ከፋብሪካ የመጣ ሰው አይደለም፣ ጎረቤታችን ነው፣ አንዳንዴም እኛው ነን። እዚህ ላይ አልከራከርህም።

ግን አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ሂድና ጠይቅ፦ ፌስታሉ ከየት መጣ? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ያቺ ስስ፣ አንዴ ሽንኩርት ተይዞባት የምትቀደደው፣ ማለት ነው። ሱቅ ግባና አንዷን አንሥተህ ንካት። ከአሥር ዓመት በላይ ሕግ እያለ ምርቱ አልቆመም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ጠንከር ያለ ሕግ አጽድቆ ፌስታልን ራሱን ከልክሏል። ሩዋንዳ በ2008 እ.ኤ.አ. ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ከልክለው ሠርተውበታል። ከእኛ ሕዝብ ይልቅ ሕዝባቸው የተሻለ ስለሆነ አይደለም፣ ፋብሪካው ደጃፍና ጉምሩክ ላይ ስለያዙት ነው። እናቴ ገበያ ስትሄድ ዘንቢል መያዝ ትችላለች፣ ትይዛለችም። ፋብሪካ ግን መዝጋት አትችልም። ያን የሚችለው በአገር ደረጃ ሥልጣን ያለው አካል ነው። ደሴ ብቻዋን ብትከለክል ደግሞ ፌስታሉ ከወልዲያና ከከሚሴ በአይሱዙ ተጭኖ ይገባል።

የቀረው የስሙ ነገር ነው። ይህም እውነት ነው፣ ልዘርዝረው። በ1987 የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሆኖ ተቋቋመ። በ2005 ሚኒስቴር ሆነ፣ የአካባቢ ጥበቃና ደን ተባለ። በ2008 የአየር ንብረት ለውጥ ተጨመረበት። በ2011 ከሚኒስቴርነት ወርዶ ኮሚሽን ሆነ። በ2014 ደግሞ ዞሮ ባለሥልጣን ሆነ። ስም ሲቀየር ማኅተም ይቀየራል፣ ሰው ይበተናል፣ የተጀመረ ፋይል ይጠፋል። እኔ ከዚህ የምወስደው ግን አንተ የወሰድከውን አይደለም። አንተ «ራሱን አያውቅም፣ ይዘጋ» አልክ። ስሙን ራሱ አልቀየረም እኮ፣ ሌሎች ናቸው የቀየሩት። ሚኒስቴር በነበረ ጊዜ ቢያንስ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ውስጥ ወንበር ነበረው፣ ኢንዱስትሪና ማዕድን በተቀመጡበት ጠረጴዛ ተቀምጦ ይናገር ነበር። በእኔ አስተያየት ወደዚያ ወንበር መመለስ አለበት፣ ስሙም ቢያንስ ለሃያ ዓመት አይነካ። በዚያ ላይ ተቆጣጣሪዎቹ የሚመደቡበት በጀት ፋብሪካው ካለበት ከተማ ግብር ጋር እንዳይገናኝ አድርጎ ማደራጀት ነው።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። አዋጅ 300 ውስጥ አንቀጽ 11 አለ። ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን እየጎዳ ነው በሚለው ላይ ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ወይም ለክልሉ መሰል አካል አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው፣ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ያኔ ከአጎቴ ጋር ቢሮ ለቢሮ ስንዞር ይህን አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ ሦስት ወር አላቃጥልም። ይዘጋ የምትለው እንግዲህ ይህ አቤቱታ የሚገባበትን በር ነው።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ደውሎ ነበር። ውሃው እንደገና አረፋ ይዟል። በዚህኛው ዙር ከወረዳ አንጀምርም። ማመልከቻውን ጽፌ ጨርሻለሁ፣ አጎቴና የማሳ ጎረቤቶቹ እሑድ ይፈርሙበታል። አንተም የደሴ ልጅ ነህ፣ ማሳ ባይኖርህም ሕጉ መፈረም ይፈቅድልሃል። ከታች አንድ መስመር ባዶ ትቼልሃለሁ።